ታምራት የገፋው በር

በዚህ ታሪክ ከዋሸሁ የሁምቦ ፀሐይ ምላሴን እንደ ቋንጣ ያድርቀው! አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

የአእምሮ ሕመምና ሱስ ያደቀቃቸው ሰዎች እየታከሙ እንዲኖሩበት ሶዶ ላይ የተሠራው ቤት በሚመረቅበት ዋዜማ፣ ትግሉ ክፍሉ ውስጥ በሩ ሥር አናቱን ተፈንክቶ ሞተ። ትግሉ ከምረቃው በፊት ከገቡት ታካሚዎች አንዱ፣ አረቄ የተወ አናጢ ነበር፤ የቤቱን በርና መስኮት አስቦ የሠራውም እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሰብለ ስትደርስ ገዳዩ መያዙ ተነገራት። ከራሱ ጋር የሚያወራው ታካሚ አብዱሰመድ እጁን ደም ነክቶት፣ ካቴና ገብቶበት ቁጢጥ ብሏል።

«እብድ ነው! ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ የቤቱ ኃላፊ አቶ ታምራት፣ ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሆዱን እያሻሸ። «ወህኒ ይውረድና እንገላገል።»

«እርስዎ ምን አዩ?»

«ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። በትከሻዬ ብገፋ፣ ብገፋ፣ ሬሳው ከኋላ ይዞት እምቢ! እንደምንም ገፍቼ ስገባ ይሄ እብድ ላዩ ላይ ቆሟል።»

ሰብለ ወደ ምግብ አብሳይዋ ወደ ፈጠነች ዞረች። «ፈጠነች፣ አንቺስ?»

«ጓሮ ለእራት የሚሆን ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ስልጥ ነበር፣ እናቴ። ክፍሎቹ እንዲናፈሱ በሮቹን ሁሉ በድንጋይ አስይዤ ከፍቻቸዋለሁ። ትግሉ ‹ቤታችንን ፔንሲዮን ልታደርገው ነው፤ ነገ ለእንግዶቹ እናገራለሁ› እያለ ከአቶ ታምራት ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ቦይና ላጭ!»

ሰብለ ሁሉንም የትግሉ ክፍል ደጃፍ ሰብስባ በሩን ዘጋችው። «አቶ ታምራት፣ እስቲ እንደዚያው ይግፉልኝ።»

ገፋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። በትከሻው ገጨው። ላብ አጠመቀው።

አብዱሰመድ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሳባል እንጂ ይገፋል እንዴ?»

ሰብለ በአንድ ጣቷ ሳበችው፤ በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ።

«የሶዶ የቤት በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ትግሉ ግን በሽተኛ በሩ ሥር ቢወድቅ የሚያነሳው ሰው እንዳይታገድ ብሎ እነዚህን ወደ ውጭ እንዲከፈቱ አድርጎ ሠራቸው። ስለዚህ ሬሳ ይህን በር ሊይዘው አይችልም። እርስዎ በክፍት በር ገቡ፤ በሩን በያዘው ድንጋይ መቱት፤ ወጡ። ሊያነሳው የሮጠውን አብዱሰመድን ሲያዩ፣ ከሟች ጋር ተዘግቶ ተገኘ ብለው በሩን በወሬ ዘጉበት። ለወሬው የሚሆነውን በር ግን ከራስዎ ቤት ተዋሱ! እብድ ያሉት ሰው የሚያውቀውን በር፣ ኃላፊው አንድ ቀን እንኳ ከፍተው አላዩትም።»

ካቴናው ከአብዱሰመድ እጅ ወደ ታምራት ተዛወረ። ታምራትም አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለው።

እሺ፣ ይቺን አንዷን እኔ ጨመርኳት። እሱ እቴ! «ይሄ እብድ አስበላኝ» ብሎ ነው ምራቁን እንትፍ ያለው። ለእሱ ብዬ ምላሴ አይደርቅም።