ቦታው ተይዟል

ድምቡሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። አባቷ አናጢ ስለሆነ ፀጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ አይጠፋም። እርግጥ ሌላ ስም አላት፤ ግን እነዚያን ጉንጮች አይቶ በሌላ ስም የሚጠራት ማን አለ?

እኔ በማስተምረው የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል በጸሎት የሚያህላት አልነበረም። እሷ ስትጸልይ የሚያስቁት ልጆች እንኳ ጸጥ ይላሉ።

አንድ እሁድ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ወደ ክፍላችን መጣች። የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ግማሽ ፊቷ ተቃጥሏል። ልጆቹ አዩአት፤ ከዚያ ሁሉም አቀርቅረው ወለሉን አዩ። እሷም መጨረሻ ያለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች።

ድምቡሼ አዘነችላት። ያን ቀን ከመተኛቷ በፊት ተንበረከከች።

«ጌታ ሆይ፣ ለዚያች ልጅ ጓደኛ ስጣት።»

እናቷ ሰማቻት። «ታዲያ አንቺ ለምን አብረሻት አትቀመጪም?»

«እጸልይላታለሁ እኮ፣ እማዬ!»

በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷ ራሷ ወደ ድምቡሼ መጣች። «እዚህ ልቀመጥ?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ የድምቡሼን ክርን ቆነጠጠች። «እሷ ከተቀመጠች እኔ እነሳለሁ» አለች በጆሮዋ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ።

«ቦታው ተይዟል» አለች ድምቡሼ። አልተያዘም ነበር።

ልጅቷ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቼ «ማን ይጸልይልን?» ስል ድምቡሼ እጇን አወጣች። «ጌታ ሆይ፣ ብቸኞችን አስብ፤ ጓደኛ ለሌላቸው ጓደኛ ሁናቸው» ብላ አሳምራ ጸለየች። እኔም «አሜን» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ የመጨረሻው አግዳሚ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ አልመጣችም። ድምቡሼ መጸለዩን አልተወችም፤ ግን «ጓደኛ» የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ታቋርጥ ጀመር። አንድ ቀን አላስችል ሲላት ዳቦ ቤቱ ሄደች። ጋጋሪው እስከ ክንዱ ዱቄት ሆኖ ያቦካል።

«ጋሼ፣ ልጅዎ አለች?»

«የለችም። አክስቷ ጋ፣ ሩቅ አገር ላክናት። ከቤት አልወጣም አለች። ከእኛም ጋር ማውራት ትታ ነበር።» ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ። «ጓደኛዋ ነሽ እንዴ? እኔን እኮ ‹አንድም ጓደኛ የለኝም› ብላኝ ነበር!»

ድምቡሼ ወደ በሩ ዞረች። ሮጣ ወጣች።

እንጨት ሥራ ቤቱ ገብታ አባቷ እግር ሥር ወድቃ ሁሉንም ነገረችው።

«አባዬ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል?»

«ከልብሽ ከለመንሽው ይቅር ይልሻል፣ ልጄ።»

«እሷስ ትመለሳለች?»

አባቷ እንጨት መላጊያውን አስቀመጠ። ፀጉሯ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራገፈላት። «እሱን አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

ልጆች፣ ደስ የሚል መጨረሻ ብነግራችሁ በወደድኩ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ድምቡሼ ንስሐ ገብታለች፤ ይቅርታም አግኝታለች። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ ብድግ የምትለው እሷ ናት። ግን ያቺን አንዲቷን ልጅ ማንም ብድግ ብሎ አልተቀበላትም።

እምነት ማለት ለሰው የለመንነውን ነገር፣ ማድረግ የምንችል ከሆነ፣ ዛሬውኑ ተነሥተን ራሳችን ማድረግ ነው።