ያልተሰበሰበው ወለድ

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወጋየሁ በምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት፣ በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ነፋስ ስልክ በዝናብ ርሳ ባነጋችበት ማለዳ ነበር። ሁሉም «አዳልጧቸው ነው» አለ። ከፖሊስ ጣቢያ የተጠራው ሻምበል ሁንዴሳ ግን ሬሳውን ገልጦ ማጅራቱን ዳሰሰ። በግንባሩ የተደፋው ሰው የቆሰለው ማጅራቱ ላይ ነው።

የብድር ክፍል ኃላፊው ደገፋ ጥግ ይዞ ያለቅሳል።

«መጨረሻ ያየሃቸው የት ነው?»

«ትናንት ከሥራ በኋላ፣ ጓድ ሻምበል። ካዝናውን ሊያዩ ሲወርዱ ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የደረጃውን መደገፊያ እንደያዙ ነበር። ዋስ ሆነው ሥራ ያስገቡኝ አባቴ ነበሩ እኮ!»

ሁንዴሳ መደገፊያውን በጣቱ ነካ አደረገ። ጣቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረ። ዘበኛውን በንቲን ጠራው።

«ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፤ ትናንት ባለጉዳይ ሲወጣልኝ። ከዚያ ዝናቡ ስለከበደ ሐሚዳን በጃንጥላ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ዘገየብን። ስመለስ ቢሮው ጨልሟል፤ ወጥተዋል ብዬ ቆለፍኩ።»

ገንዘብ ያዧ ሐሚዳም ይህንኑ አረጋገጠች። ሻምበሉ ስለ ባንኩ ሲጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባንክ የሚኖረው በሁለት ወለድ መሃል ነው። ከተበዳሪ ይቀበላል፣ ለቆጣቢ ይከፍላል፤ የተረፈው እንጀራችን ነው። ዘንድሮ ትርፋችን በዛ ተብሎ ደገፋ ተሸለመ። ጋሽ ወጋየሁን ግን ደስ አላላቸውም። ‹ያልተሰበሰበ ወለድ ነው ገቢ ያልነው› አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ለቡ ድረስ ሄደው ተበዳሪዎቹን ፈለጉ።»

«አገኙ?»

«ተበዳሪዎቹን በስም የሚያውቅ ሰው እንኳ አላገኙም።»

ከቀትር በኋላ ሁንዴሳ ሁሉንም በሟቹ ቢሮ ሰበሰበ። ጥቁር የለበሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤትም ተቀምጠዋል።

«አቶ ወጋየሁ ደረጃውን በእግራቸው አልወረዱም» አለ ሻምበሉ። «ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ መደገፊያው ላይ ግን የእጅ ምልክት የለም፤ የእሳቸውም መዳፍ ንጹሕ ነው። እዚህ እላይ እንዳሉ ከኋላ ተመትተው፣ ታዝለው ነው የወረዱት። በንቲና ሐሚዳ ፌርማታ ነበሩ። ደገፋ፣ ያላየኸውን አየሁ አልክ። ብድሩ በሌሉ ሰዎች ስም ወጥቶ አንተ ኪስ ገባ፤ የማይከፈለውን ወለድ ትርፍ አስመስለህ ሸፈንከው። እሳቸው ደረሱበት።»

«ማን ነገረኝና ነው የምገድላቸው?» ብሎ ጮኸ ደገፋ።

«እሱ ራሱ ነገረህ» አሉ ወይዘሮ ሙሉመቤት። «ትናንት ጠዋት ‹ለዋናው መሥሪያ ቤት ከማመልከቴ በፊት ለራሱ ልንገረው፤ ልጆች አሉት፣ መላ ይፈልግ› ብሎኝ ነው ከቤት የወጣው።»

ደገፋ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እስር ቤቱ ታየኝ» አለ። «ያንን እስር ቤት ሁለተኛ አልችለውም ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ወደ እሱ ዞሩ።

«ያኔ ከእስር ስትወጣ ለዚህ ሥራ ዋስ መሆን እሱ ፈርቶ ነበር» አሉት። «‹ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሰውየውንም አላውቀውም› አለኝ። ሚስትህ ደጄ ቆማ ስታለቅስ አንጀቴ አልችል ብሎ፣ እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩልህ እኔ ነኝ።»