ጢም ያበቀለችው ምሰሶ

በድማሬ መንግሥት የሳቢት ምሰሶ ጢም ያበቀለችው በንጉሥ ዝክራይ በዓለ ሢመት ዋዜማ ነው። ሳቢት ብረት የምትስብ ጥቁር ድንጋይ ስትሆን፣ ከተማዪቱን ከነቤተ መንግሥቷ ገደል አፋፍ ላይ ደግፋ የያዘችው እርሷ ናት። ከአንጥረኞች ሰፈር ነፋስ ያመጣው የብረት ብናኝ ጎኗ ላይ በቀጭን መስመር ተሰልፎ ቆመ። ጠቢባኑ ጾመው ጸልየው «ምሰሶዋ ጎልምሳለች» ብለው ተነበዩ። በማግስቱ ሳቢት ጓ ብላ ጮኸች፤ ቤተ መንግሥቱም ዘመመ። ከጢሙ ሥር ስንጥቅ ነበር።

በድማሬ መሐላ በአፍ ብቻ አይጸናም። የማለ ሰው ስሙ የተቀረጸበትን ብረት ሳቢት ላይ ይለጥፋል። ብረቱን የነቀለ ስሙን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራውም የሚጽፈውም የለም። እናም ስንጥቁ በታየ ዕለት አገሩ በሙሉ «ሳቢትን ሳላድን እህል አልቀምስም!» እያለ ማጭዱንና ማረሻውን ለጠፈ። ስንጥቁም ረዘመ።

ከሁሉ የከበደውን መሐላ የማለው አንድ ጎበዝ ነው። ስሙን እንዳልጽፈው ሕጉ ይከለክለኛል፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። ስሙን እንደ እርሱ የሚወድ ግን አልነበረም። ውሃ አጠጡኝ ሲል እንኳ ከቅድመ አያቱ ስለሚጀምር ውሃ ቀጂዋ ሰልችቷት ትሄድ ነበር። ሰባት ትውልዱ የተቀረጸበትን የብረት መዝጊያ በስምንት ሰው አሸክሞ፣ ሁሉ እንዲያየው ስንጥቁ ጫፍ ላይ ለጠፈና ፎከረ።

«ዘራፍ! የዘንዶው ጎምዛን ምክር ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ይጥፋ!»

ጎምዛ ገላው እንደ ሳቢት ካለ ድንጋይ ስለተሠራ መድኃኒቱን ያውቃል ይባል ነበር። የጎበዙ አክስት ወይዘሮ ይርገዱ ተከትለውት ወጡ።

«አንተ ስትፎክር ስንቁን ማን ይይዝልሃል?» አሉት።

የእሳቱን በረሃ ተሻገሩ። ሰው በላው ረግረግ ፉከራውን ሲሰማ ቶሎ እንዲያልፍለት መንገድ ለቀቀ። ዘንዶው ዋሻ ሲደርሱ ጎበዙ ሰይፉን መዘዘ፤ ሰይፉ ከእጁ አምልጦ ዘንዶው ጎን ላይ ተለጠፈ። ብዙ ሰይፎች ቀድመውት ተለጥፈው ነበር።

«ደግሞ ሌላ!» ብሎ ጎምዛ አቃሰተ። «ጀግና በመጣ ቁጥር ብረቱን እየለጠፈብኝ ተሰነጣጠቅሁ። እማማ፣ በፈጠርዎ ይንቀሉልኝ!»

ወይዘሮ ይርገዱ እግራቸውን ጎኑ ላይ ተክለው አንድ በአንድ ነቀሉለት፤ የሳቢትንም ጢምና ስንጥቅ ነገሩት። ዘንዶውም እፎይ ብሎ ተናገረ።

«ድንጋያችን ብረትን ሲስብ ብረቱም ድንጋዩን ይስባል። በላዩ የከተማችሁ ሸክም አለ። ይህ ሁሉ ጭንቅ የሚጠራቀመው ስንጥቁ ሹል ጫፍ ላይ ነው። ጢም ያላችሁትም የመሳብ ኃይሏ በስንጥቁ ሾልኮ ብናኙን ስለያዘው ነው። እንኩ ጥርሴን፤ ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ ብሱ። ሹልነቱን ካጣ ይቆማል። አስቀድማችሁ ግን ጫፉ ላይ ያለውን ከባድ ብረት ንቀሉ፤ ሌላም አትጨምሩ።»

ጎበዙ በመልሱ መንገድ አንድም ጊዜ አልፎከረም። ወይዘሮ ይርገዱ ትኩሳት የያዘው መስሏቸው ግንባሩን ዳሰሱት።

ሲደርሱ ንጉሡ እንዳይንሸራተቱ ዙፋናቸው ላይ በመቀነት ታስረው ነበር። ምክሩን ሰሙ። ሁሉም መዝጊያውን አየ፤ ከዚያም መሬት መሬቱን አየ። ሳቢት እንደገና ጓ አለች።

ጎበዙ ወደ ምሰሶዋ ሄደ። ስሙን ከነሰባት ትውልዱ ለመጨረሻ ጊዜ ቀስ ብሎ ጠራ። ያን ዕለት ማንም አላቋረጠውም። ከዚያ መዝጊያውን በእንጨት ፈልቅቆ ነቀለው፤ መዝጊያውም ከነስሙ ገደል ገባ። በዘንዶው ጥርስ ቀዳዳውን በሳ። ስንጥቁ ቀዳዳው ድረስ መጣ፤ እዚያም ቆመ።

ንጉሡ ሊያመሰግኑት አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጠሩበት ስም ግን አልነበረም። ጎበዙም በሕይወቱ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

«ልጄ፣ ና» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ይህን ሕጉ አይከለክልም።»

«ልጃችን!» አለ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ አደባባዩ በሙሉ «ልጃችን!» አለ። ጎበዙ ሳያፍር አለቀሰ።

ዛሬ ጎበዙ አንዱ ደጅ ቆሞ ውሃ ሲጠይቅ «ማን ልበል?» ይሉታል። «ልጃችሁ ነኝ» ይላል። ውሃውም ሳይዘገይ ይመጣለታል።