ሬሳ የሌለው ቀብር

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል መጠማዘዝ በሚጀምርበት፣ ነፋሱም የቆላ ሙቀት ይዞ በሚመጣበት ትንሽ ከተማ፣ ደብሬ የምትባል አልቃሽ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። የዕድሩ ጥሩምባ በማለዳ ከኮረብታው ሲሰማ የጀመረችውን ሥራ ትታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች፤ ከድንኳኑ ደጃፍ ደርሳ ጉሮሮዋን ስትጠርግ የሰው ሁሉ ሆድ ይባባል። ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፤ ያረሰውን፣ የወደደውን፣ ሳይጨርስ የተወውን ታነሳለታለች። እሷ በስሙ ያልጠራችው ሟች በወጉ የሞተ አይመስልም ነበር።

ለገዛ ልጇ ግን አላለቀሰችም።

ይትባረክ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ከሦስቱ አንዱ ተርፎ መጣና እግሯ ላይ ወድቆ «ጀልባዋ ስትገለበጥ አይቻለሁ፤ ይትባረክን ግን አላየሁትም» አላት። ይህችን «አላየሁትም» የምትል ቃል ደብሬ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ክታብ ይዛት ኖረች። የሰው ልጅ ስትቀብር ውላ ወደ ቤቷ ስትመለስ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች።

በአራተኛው ዓመት መጨረሻ የሟች ባሏ ወንድም አቶ ምስጋናው መጣ።

«ስሚኝ እታለም፤ ያልተለቀሰለት ሙት ደጅ ለደጅ ይዞራል ሲባል ካንቺው አፍ አይደል የሰማነው? ለሰው የሰጠሽውን ለልጅሽ ነፈግሽው?»

«አልሞተማ!»

«ታዲያ የት አለ?»

ደብሬ ወዳልተቀረቀረው በር አየች። ልጇ ሰናይት ከማጀት ብቅ አለችና «እማ» አለች በደከመ ድምፅ፤ «ይህ ቤት አራት ዓመት አልሳቀም፤ አላለቀሰምም። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።» ደብሬ የሰናይትን ፊት አየችው፤ በሃያ ስድስት ዓመቷ የባልቴት ፊት አብቅላለች። ያን ጊዜ እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

በዚያ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት በልብሱ ምስል ይሠራለትና በምስሉ ይለቀስለታል። ለቅሶው ሲያበቃ ልብሱ ለድኻ ይሰጣል። አቶ ምስጋናው ግን ወንድሙ አጠገብ የሚቆም መስቀል ፈለገ፤ ምስሉ በሣጥን ሆኖ ይቀበር አለ። የነፍስ አባቷ «ፍትሐቱን እፈታለሁ፤ ሣጥኑ ግን የእናንተ ጉዳይ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ምስሉን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። ይትባረክ ትቶት የሄደውን ቡናማ ጃኬትና ሱሪ አውጥታ፣ በጭድ ሞልታ፣ የክንዱን ርዝመት በገዛ ክንዷ ለክታ፣ የትከሻውን ዝቅታ ሳይቀር አስታውሳ ሰፋችው። ለፊቱ ነጭ አቡጀዲ ወጠረችበት። ለኀዘን የተላጨችውን ፀጉሯን መጣል አልሆነላትም፤ ከጃኬቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ወተፈችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስታሸተው የጭድ ሽታ ጠፍቶ፣ ከሩጫ የተመለሰ ልጅ የሚሸተውን የአንገት ላብ ሸተታት። ጃኬቱም ከእጇ ሥር ሞቃት።

ዓርብ ቀትር ላይ ድንኳኑ በሰው ሞላ። ምስሉ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ሰው ሁሉ የእሷን አፍ ይጠብቃል። ደብሬ ወደ አልጋው ቀረበች፤ ከዚያ ድምፅዋ ከሆዷ ሳይሆን ከእግሯ ሥር የመጣ ይመስል ወጣ፦

«ውሃ በላው አሉኝ፣ ውሃ ጥርስ አለው ወይ፣
ተነሥ ልጄ ግባ፣ አፈር ጓዳ ነው ወይ!»

ሦስት ጊዜ በስሙ ጠራችው። በሦስተኛው ላይ ሕዝቡ የሚመልሰውን ለቅሶ ሳይመልስ ቀረ፤ ነፋስ ሳይኖር ነጠላው ከአቡጀዲው ፊት ላይ ትንሽ ተነሥቶ ተመልሶ ተኝቶ ነበርና።

ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ አራት ሰዎች እንደ ቅርጫት አንጠልጥለው አነሱት። ወንዙን ሲሻገሩ ስድስት ሆኑ። ዳገቱ ላይ ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ አንደኛው ትንፋሽ አጥሮት «የተሸከምነው ጭድ አይደለም እንዴ?» አለ። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሲወድቅ የሰጠው ድምፅ ባዶ ሣጥን የሚሰጠው ዓይነት አልነበረም፤ ሙሉ፣ ደንዳና፣ ሥጋ ያለበት ድምፅ ነበር። ሠላሳ ዓመት መቃብር አፋፍ ላይ የቆመች ሴት ያን ድምፅ አትስተውም።

በማግሥቱ ጎረቤቷ ዘሀራ ትኩስ ሾርባ ይዛ መጣች። አብረው ያረጁ፣ አንዷ የሌላዋን ሙታን ያለቀሱ ሴቶች ናቸው። ዘሀራ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣

«እኛ ዘንድ ሰው በሩቅ ሲሞት ተሰልፈን እንሰግድለታለን፤ ዱዓ እናደርጋለን። ሬሳ ሳይኖር ግን አፈር አናስነካም» አለች።

«ለምን?»

«እንጃ። እናቴ፣ አላህ ይማራት፣ መሬት የሰጧትን ትቀበላለች፤ የምትይዘው ግን ስሙን የጠሩበትን ሰው ነው ትል ነበር።» ከዚያ በተናገረችው እንደተጸጸተች ሁሉ ሾርባውን አስጠጋችላት። «ጠጪ፤ ይበርዳል።»

ደብሬ ጠጣች፤ አፈር አፈር አላት። ንጋት ላይ ከፍራሿ አጠገብ ጭድ ላይ የተኛ ሰው ሲገላበጥ የሚሰማ መንሿሿት ሰማች። እጇን ዘርግታ ብትዳብስ ከባዶ መሬት በቀር ምንም አልነበረም፤ መሬቱ ግን ሰው የተነሣበት ያህል ይሞቅ ነበር።

እሑድ፣ በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ንፍሮ እየዘገነ ሳለ የሰናይት ስልክ ጮኸ። ረጅም የውጭ አገር ቁጥር ነው። ሰናይት ሰማችና «ሹሹታ ብቻ ነው» ብላ ልትዘጋ ስትል ደብሬ ነጠቀቻት።

«እማ… እማ፣ ይትባረክ ነኝ።»

ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ድምፁ ጎርንኖ የትልቅ ሰው ሆኗል፤ ግን «እማ» ሲል ያው እሱ ነው። ጀልባዋ ስትገለበጥ በሌላ ጀልባ ያለፉ ሰዎች እንዳነሡት፣ አራት ዓመቱን ታስሮ እንደቆየ፣ ሐሙስ ዕለት እንደተፈታ እየተቆራረጠ ነገራት። ልትጮኽ፣ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ግን ዓርብ ቀትር ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ እማ። መተንፈስ አልቻልኩም። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖብኛል። አፌን… አፈር አፈር ይለኛል። ምን ሆኜ ነው?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ቢደውሉ አልነሣ አለ።

ደብሬ ያን ቀን በሰው እግር ላይ ስትወድቅ ዋለች። «አውጡልኝ! ልጄን ቀብሬዋለሁ፤ አውጡልኝ!» አቶ ምስጋናው ከመሬት አነሣትና «አጭበርባሪ ነው እታለም፤ ለቅሶ ሰምተው የሚደውሉ አሉ» አላት። የነፍስ አባቷ መስቀል አሳልመዋት «የተዘጋ መቃብር አይከፈትም፤ ጸልዪ» አሏት። ሰናይትም አንገቷን አቅፋ «እማ፣ እኔ የሰማሁት ሹሹታ ብቻ ነው» አለቻት፤ የሰናይት ዓይኖች ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር። የስንቱን ልጅ አልቅሳ የሸኘች ሴት ለራሷ ልጅ አንድ አካፋ የሚያነሣላት አጣች።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከተማው ሁሉ ወረደ፤ ሰናይትም ለለቅሶው የተበደሩትን የሚመልሱበት እህል ልትገዛ ሄደች። ደብሬ ዶማ በነጠላዋ ሸፍና ዳገቱን ወጣች። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ሥር ወፍ እንኳ አይንጫጫም፤ የመቃብሩ አፈር ግን ከሦስት ቀን በኋላም አልደረቀም። ስትቆፍር አፈሩ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነበር፤ ለስላሳና ሙቅ። ጥፍሯ ተነቀለ፤ አልተሰማትም። ዶማው እንጨቱን ሲመታ ከውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መልሶ መታ።

ክዳኑን እንዴት እንደነቀለችው በኋላም አላስታወሰችም። የምታስታውሰው እዚያ ተጋድሞ ያየችውን ልጇን ነው። ቡናማውን ጃኬት ለብሷል፤ ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጢም የለውም። ጉንጩ ላይ የወጣችው ቡጉር፣ የሄደ ቀን ጠዋት የነበረችው፣ ዛሬም አለች። አራት ዓመት በላዩ አላለፈም። ይህን አየች፤ አይታም ተወችው።

«ተነሥ ልጄ» አለችው፤ ተነሣ።

በማሽላው እርሻ ውስጥ ይዛው ወረደች። ትከሻዋ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ግን ክብደቱ አይሰማትም፤ የረገጠውም አፈር ዱካ አልያዘም። ቤት አስገብታ እግሩን አጠበችው፤ ውሃው እግሩ ላይ አይፈስም፣ ይመጠጣል። ስታጎርሰው ጎረሰላት፣ አልዋጠም። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እጇን ብቻ ያዘ፤ ያዘና አልለቅም አለ። ደብሬ አራት ዓመት ያልወጣላትን እንባ ጃኬቱ ላይ አፈሰሰችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰናይት መጣች። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ጀርባዋ አጥሩን ሲነካ ቆመች።

«እማ… ይህ ምንድን ነው?»

«ወንድምሽ ነው፤ ግቢ።»

«እማ፣ ዓይኑ አይርገበገብም።»

በዚያች ቅጽበት በሰናይት እጅ ያለው ስልክ ጮኸ። ሰናይት አነሣችው፤ አዳመጠች፤ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ከደጁ ሳትገባ ክንዷን ብቻ ዘርግታ፣ እያለቀሰች፣ «ይትባረክ ነው» አለች። «አሁን እኔም ሰማሁት። እሱ ነው፣ እማ።»

ደብሬ አንድ እጇ እንደተያዘ በሌላው ተቀበለቻት።

«እማ! ዳንኩልሽ!» ይስቃል። ጎርናናው ድምፅ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ አለ። «ዛሬ ቀትር ላይ ልክ ሸክም እንዳወረዱልኝ ሁሉ ተነፈስኩ። መኪና አግኝቻለሁ፤ ከነገ ወዲያ እቤት ነኝ። ትሰሚኛለሽ? እማ? አጠገብሽ ማን አለ? የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል።»

ዞራ አየችው። አልጋው ላይ ያለው ዓይኖቹን ስልኳ ላይ ተክሎ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ጉድጓዱ እንዳይመልሱት የሚፈራ ሕፃን ይመስላል። ከዚያ ከንፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላቀቀ።

«እማ» አላት።

ያልጎረነነ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ በየንጋቱ ላስታውሰው ስትል እየሸሸ ያመለጣት፣ ያ ራሱ።

ደብሬ የያዛትን እጅ አጥብቃ ጨበጠችና ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገርበት ለዘብ ያለ ድምፅ «ተሳስተህ ነው የደወልከው ልጄ፤ የእኔማ ልጅ እቤቱ ገብቷል» አለችው።