ከአንቴናው ሥር የነበረችው የቅባት እቃ

ምንነቱን የማታውቁትን ነገር ከቦታው አንስታችሁ የምትጥሉ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ከጣዮቹ አንዱ የገዛ ልጄ ስለሆነ ማንም ተሰደብኩ ብሎ እንዳይቀየመኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል አልለይም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እጄ ግን ሥራ ያውቃል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ዓይኑ ሲደክምበት ቀጫጭኑን ሽቦ ሃያ ሁለት ዓመት የጠመጠምኩለት እኔ ነኝ።

ከከተማው ርቃ ያለችው ጤና ጣቢያ ስልክ አይደርሳትም። ሐኪም ቤቱን የምትጠራው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። አንቴናውን ባሌ ነበር ከጣሪያው እስከ ዛፉ የወጠረው። ከሬዲዮው የሚወጣው ገመድ ከአንቴናው ሽቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት የፀጉር ቅባት እቃ ታስራ ነበር። ቅባቱን የተቀባሁት እኔ፣ እቃዋን አጥቤ የሰጠሁትም እኔ። ውስጧ አንድ ጥቁር ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ ላይ ሽቦ ጠምጥሜበታለሁ። በሬዲዮው በኩል ሁለት ዙር፣ በአንቴናው በኩል አሥራ አራት ዙር።

«ሬዲዮው ወፍራም ቱቦ ነው በይ፣ አንቴናው ደግሞ ቀጭን ቱቦ» ይለኝ ነበር ባሌ። «ሁለቱን እንዲሁ አፍ ለአፍ ብትገጥሚያቸው ውሃው ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህች ቀለበት መሃል ገብታ ታስማማቸዋለች።»

ባሌ ሲያርፍ ሥራውን ልጃችን ወረሰው። ኮሌጅ የጨረሰ ነው። ጤና ጣቢያዋ ቀለም ስትቀባ አንቴናውን እንዲያድስ ጠሩት። አድሶ ሲመለስ ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«አዲስ ሽቦ ወጠርኩላቸው እማዬ፣ ብታዪው እንደ መስታወት ያበራል።»

«የቅባት እቃዬንስ?»

«የቱን?»

«ከሽቦው ሥር የነበረችውን።»

ሳቀ። «እማዬ ሙች፣ የማን ቆሻሻ ነው ብዬ ጣልኳት እኮ! ጣሪያ ላይ የፀጉር ቅባት ምን ይሠራል?»

«ውስጧን ከፍተህ አይተሃል?»

«ተይ እንግዲህ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው።»

እኔም አኮረፍኩ። አኩርፌም ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ ራሴ እናገረዋለሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የእሱው የበኩር ልጅ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «አባዬ፣ ሬዲዮው እንደ ካውያ ይግላል፤ ሐኪም ቤቱም በደንብ አይሰማኝም» አለችው። «ጉልበት አንሶት ነው» ብሎ ትልቅ ሬዲዮ ተከለላት። ትልቁ ደግሞ ባሰ፤ ሁለት ቃል ሳትናገር ግሎ ራሱን ያጠፋል። ወደ ኋላ ለሚመለስ ውሃ ትልቅ በርሜል ብትደቅኑለት ምን ይጠቅማል?

አንድ ቀን ጠዋት የምትወልድ ሴት ደም እየፈሰሳት መጣች። የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ጊዜ ተጣራች። መልስ የለም። በስድስት ሰዓት አንድ የአሸዋ መኪና ባጋጣሚ ሲያልፍ መንገድ ላይ ቆማ አስቆመችው፤ ሴትየዋን አሸዋው ላይ አስተኝታ፣ ጭንቅላቷን ታቅፋ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። እናትም ልጅም ተረፉ። ያተረፋቸው አሸዋ ጫኙ ነው፤ ሬዲዮው አይደለም።

ከዚያው በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ደሙ ቀሚሷ ላይ ደርቋል።

«አያቴ፣ በሚቀጥለው መኪናው ባያልፍስ?»

ሳጥኔን ከፍቼ አያቷ ያስቀመጠውን ሌላ ጥቁር ቀለበት አወጣሁ፤ የጀመርኩትን የፀጉር ቅባት ኩባያ ውስጥ ገልብጬ እቃውን አጠብኩ። በማግስቱ ጤና ጣቢያው ስንደርስ ልጄ ትልቁን ሬዲዮ ፈታትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ የልጁን ቀሚስ አይቶ ነበር።

«እማዬ፣ አሁን አይደለም።»

«አሁን ነው። ተነሥና ወንበር አምጣልኝ።»

አመጣ። ሽቦውን በቀለበቱ ቀዳዳ እያሳለፍኩ፣ በአውራ ጣቴ እያጠበቅኩ ጠመጠምኩ። እሱ ከላይ ሆኖ ይቆጥራል።

«አሥራ ሦስት ነው፤ አንድ ጎድሎሻል።»

«አንተ የምትቆጥረው ውጭ ውጭውን ነው። ሽቦው በቀዳዳው ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው። ውስጡን ቁጠር!»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «አሥራ አራት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይሄን ሳያስተምሩህ ነው ያስመረቁህ?»

የልጅ ልጄ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱም ፈገግ አለ።

እቃዋን ከቦታዋ አሰራት። የድሮውን ትንሹን ሬዲዮ አገናኘ፤ የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየውንም መለኪያ ገጠመ። ቁጥሩን ባላነብም መርፌ ስትወርድ አያለሁ። መጀመሪያ ያለ ቀለበቱ ሲሞክረው ጥግ ድረስ የዘለለችው መርፌ አሁን እንደ ታመመ ሰው ተኝታ ቀረች።

ነርሷ ተጣራች። ወዲያው ከወዲያ፦ «ጤና ጣቢያ፣ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል! ለመሆኑ የት ጠፍታችሁ ነው?»

ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እማዬ፣ አላወቅኩም ነበር» አለኝ።

«አለማወቅ ነውር የለውም፤ እኔም ፊደል አላውቅም። ሳትጠይቅ የጣልከው ነው ያቃጠለኝ። እኔም ሳልናገር ማኩረፌ ያቃጥለኛል።»

ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ። ከዚያ የበሩን ቀለም ብሩሽ ይዞ ወጣና እቃዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን ይላል ብዬ የልጅ ልጄን አስነበብኳት። «ውስጧን የጠመጠመችው እናቴ ናት። ሳትጠይቋት እንዳትነኩ» ይላል።

እናንተም ስሙኝ። ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የምታውቁም አኩርፋችሁ ዝም አትበሉ። መሣሪያውን አታተልቁ፣ አስማሙት። ካስማማችሁም በኋላ ለኩ።

እቃዋ ላይ ያ ጽሑፍ ከተጻፈ ወዲህ ሦስት ባለሙያዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል። ሦስቱንም ወንበር ሰጥቼ አስቆጠርኳቸው። ሦስቱም መጀመሪያ አሥራ ሦስት ነው ያሉኝ።