ሀሊሜ ጋቢና የገባች ዕለት

በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ ሾፌር መሆን ግማሽ መኳንንት መሆን ነበር። «ካሚዮን መጣ!» ሲባል ልጃገረዶች ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ እናቶቻቸው ደግሞ እየጎተቱ መልሰው ያስገቧቸዋል። አባቶች ግን ሌላ ሒሳብ ነበራቸው። «ሾፌር ሚስቱን የሚያያት በመስኮት ነው» ይሉ ነበር።

ከእነዚህ አባቶች አንዱ የእህል ነጋዴው ኦቦ ሁሴኖ ነበሩ። ልጃቸው ሀሊሜ የወደደችው ደግሞ ሾፌር ነው፤ ያውም ሾፌር ከሆነ ሳምንት ያልሞላው።

ቶላ ጮሌ ከሚባል የአርሲ አገር የመጣ ልጅ ነው። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ አሰላ መጣና የአቶ ገብረ መድህን ካሚዮን ላይ ረዳት ሆነ። ረዳት ማለት ጎማ የሚፈታ፣ ጆንያ የሚሸከም፣ ካሚዮኑ ቁልቁለት ላይ ሲቆም ታኮ የሚባለውን እንጨት ከጎማው ሥር የሚወሽቅ፣ የሾፌሩን ስድብ ደግሞ እንደ ቁርስ የሚበላ ሰው ማለት ነው። የሚያድረው እዚያው ጋቢና ውስጥ ነበር። ብርድ ልብሱ ከወንበሩ ጀርባ፣ መላጫው ከመስታወቱ ሥር፣ አንዲት ትርፍ ሸሚዙ በር ላይ ተንጠልጥላ።

ሀሊሜን ያወቃት በጆንያ ምክንያት ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማረች የአባቷን ስም በየጆንያው ላይ በቀለም የምትጽፈው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ቶላ ስንዴ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ከዚህ ውስጥ ‹ሴ› የቱ ነው?»

«ጆንያ ተሸክመህ ነው ፊደል የምትጠይቀው?»

«መንጃ ፈቃድ ሲሰጡ ያስነብባሉ አሉ። ማርሹን አውቀዋለሁ። የቀረኝ ፊደሉ ነው።»

ልትስቅበት አስባ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ግን ተወችው። በጣቷ አሳየችው። ከዚያ ወዲያ ጭነት በተጫነ ቁጥር አዲስ ፊደል ይማር ጀመር። ኦቦ ሁሴኖ ጆንያቸው ላይ «ቶ» አግኝተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉ «ቀለሙ አምልጦኝ ነው» ትላለች። ቀለሙ በጣም ያመልጣት ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ ቶላ አዲስ አበባ ሄዶ ተፈተነ። ዳገት አስነዱት፣ ወደ ኋላ አስነዱት፣ በመጨረሻም ሰሌዳ አስነበቡት። ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃዱን በደረት ኪሱ ይዞ ተመለሰና መጀመሪያ ያሳያት ለእሷ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ዓይኑ ፈጥጧል።

«የደነገጠ ሰው ትመስላለህ» አለችው።

«ደንግጬ ነው። ባልፍስ ብዬ።»

«ብታልፍ ምን?»

መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከተተና አያት፤ እሷም ዓይኗን ከእሱ አላነሳችም። በማግሥቱ ሽማግሌ ላከ።

ኦቦ ሁሴኖ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡ፤ በክብርም ሸኙ። «ልጄን ለመንገድ አልድርም» አሉ። እውነቱን ለመናገር አስቀድመው ለአንድ የአርቦዬ ከተማ ከብት ነጋዴ ቃል ሰጥተዋል። የሰውዬው የጥሎሽ ከብቶች የፊታችን ሐሙስ አሰላ ይደርሳሉ። ከብት ግቢ ከገባ በኋላ ልጅ አልሰጥም ማለት አይቻልም።

አቶ ገብረ መድህን በበኩላቸው ቶላን ጠርተው የካሚዮኑን ቁልፍ ሰጡት። የመጀመሪያ ጉዞው ስንዴ ጭኖ አቦምሳ ነው፤ ቀኑም ያው ሐሙስ። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ከቆረጠው ካሚዮኑ እስከ መስከረም እዚያው ሊከርም ይችላል። ሀሊሜ ይህን ስትሰማ ቀኖቹን አገጣጠመች። ቶላ በአንዱ በኩል ሲወጣ ከብቶቹ በሌላው ይገባሉ።

በአርሲ አሴና የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ልጅቱ ራሷ እርጥብ ሣር ይዛ የወደደችው ሰው ቤት ገብታ ትቀመጣለች። እንዲህ ገብታ የተቀመጠችን ልጅ ማስወጣት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነገሩን በእርቅ ይጨርሰዋል። የአባቷ እህት አዳዳ ፋጡ ራሳቸው በወጣትነታቸው እንዲህ አድርገው ነው ያገቡት። «ይኸው እስከ ዛሬ ያስወጣኝ የለም» እያሉ ይፎክሩ ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ለመግባት ቤት ያስፈልጋል። ቶላ ደግሞ ቤት የለውም።

ሐሙስ ጧት ካሚዮኑ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ከእህል መጋዘኑ ፊት ቆሟል። የጣሊያን ጊዜ ካሚዮን ነው። ባትሪው ስለደከመ ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ በታኮ ይቆማል፤ ታኮው ሲነሳ ይንደረደርና ሞተሩ በዚያው ይነሳል። የእጅ ፍሬኑ ለስሙ ያህል ነው። ቶላ መሪውን ይዞ፣ ተሸካሚዎቹ ታኮውን እንዲያነሱለት ሊጣራ ሲል የወዲያኛው በር ተከፈተ። ሀሊሜ ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ በእጇ የያዘችውን እርጥብ ሣር ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠች።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?»

«ገባሁ።»

ሣሩን አየ፤ ፊቷን አየ። የአርሲ ልጅ ነውና ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ ሀሊሜ።»

«የት ነው የምታድረው?»

«እዚሁ።»

«ዝናብ ሲመጣ የት ትገባለህ?»

«እዚሁ።»

«ታዲያ የሰው ቤት ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?»

ቶላ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ፤ ከገበያው በኩል ስሟን የሚጠራ ጩኸት ተሰማ። «እንሂድ በቃ! ታኮውን ላስነሳ። ማታ አቦምሳ ነን።»

«አትነቃነቅ!» አለች። «አንድ እርምጃ ከሄድክ ጠለፍከኝ ማለት ነው። አንተ እስር ቤት፣ መንጃ ፈቃድህ ወረቀት ብቻ፣ እኔም ወደ አርቦዬ። ከቆምክ ግን የገባሁት እኔ ነኝ።»

ቶላ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን መሪ ይዞ የሚሄድበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ቁልፉን ነቀለና ከሣሩ አጠገብ አስቀመጠው።

ከወንዶቹ መጀመሪያ የደረሰው ወንድሟ ዲሪባ ነበር፤ ዱላውን ይዞ። ነገር ግን አዳዳ ፋጡ ቀድመውታል። ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘውን ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር በሩ ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሲንቄ ተሻግሮ የሚመታ ወንድ የለም።

«ገብታለች!» አሉ። «አበቃ!»

«ምን ውስጥ ነው የገባችው? መኪና ውስጥ እኮ ነው፣ አዳዳ!»

ኦቦ ሁሴኖ መጡ። ለአርቦዬ እንግዶች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። አቶ ገብረ መድህንም መጡ፤ «እህሌ ሊበሰብስ ነው፣ ወይ ንዳ ወይ ውረድ! ዛሬ ካልነዳኸው ሁለተኛ አትነዳውም!» እያሉ። ቶላ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከመቀመጫው ግን አልተነሳም። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌ ሀጂ ሙክታር ሁለት ሰዎች አስከትለው ደረሱና ከመጋዘኑ ክዳን ሥር ተቀመጡ።

«መኪናው የእሱ አይደለም፤ የአቶ ገብረ መድህን ነው» አለ ዲሪባ። «በሰው ንብረት ቤት አለኝ ይባላል?»

ሀጂ ወደ ባለ ካሚዮኑ ዞሩ። «ይህ ልጅ የት ነው የሚያድረው?»

«ጋቢናው ውስጥ ነው፤ ጥበቃም ይሆነኛል ብዬ።»

«የእርስዎ ጭሰኞች የቆሙበት መሬት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«ጎጆዎቹስ?»

«እነሱማ የጭሰኞቹ ናቸው» አሉ አቶ ገብረ መድህን። ሕዝቡ አጉረመረመ። ዲሪባ ግን ሞኝ አልነበረም።

«እሺ፣ ቤት ይሁን» አለ። «ቤት ታኮ አይፈልግም። ቤት በራሱ ይቆማል። ታኮውን እናንሳና እንየው። ከተንቀሳቀሰ መኪና ነው፤ እህቴም ትመለሳለች።»

ሀጂ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «የተናገረው ነገር አለው» አሉ በመጨረሻ። «ከበታች ያላችሁ ዘወር በሉ። የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሰግደን፣ ተመካክረን እስክንነሳ ከቆመ ቤት ነው።»

«ገደል ሲገባስ?» ብለው አቶ ገብረ መድህን ጮኹ። የሰማቸው የለም። ዲሪባ ከአንዲት ገበያተኛ እንቁላል ተቀበለና ከፊት ጎማው ሥር፣ ጎማውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ አስቀመጠው። ከዚያ ታኮውን መታው።

ካሚዮኑ አቃሰተ። ቶላ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። ማርሽ ቢያስገባም ያረጀው ሞተር ያን ሁሉ ስንዴ እንደማይይዝ ያውቃል፤ እየተንገጫገጨ ይወርዳል። የቀረው እግሩ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሰገዱ። ሰግደው ተቀመጡ። ሽማግሌ መቼም አይቸኩልም። አንዱ የከብቱን ነገር አነሳ፤ ሌላው የአባቶችን ወግ ተረከ። ዝናቡ ጀመረ። የቶላ ጉልበት መጀመሪያ ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ደነዘዘ፣ ከዚያ ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ በዓይኑ ገባ።

«ሀሊሜ፣ ውረጂ» አለ በሹክሹክታ። «አልችልም። ቢያመልጠኝ አንቺም ትሞቻለሽ።»

ሀሊሜ ጫማዋን አወለቀች፤ ማርሹን ተሻግራ ተጠጋችውና ባዶ እግሯን እግሩ ላይ አድርጋ ረገጠች። እስከዚያች ቀን እጁን እንኳ ይዛው አታውቅም ነበር። ከዚያ ሁለቱም ወደ ፊት፣ ወደ ዝናቡ እያዩ፣ አብረው ረገጡ።

ከውጭ ዲሪባ አጎንብሶ እንቁላሉን ያያል። አልተሰበረም።

ኦቦ ሁሴኖ መቀመጥ አቃታቸው። ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነስተው በዝናቡ መጡ፤ ፋጡ ሲንቄያቸውን አነሱላቸው። በሩን ከፈቱ።

«ሀሊሜ።»

«አቤት፣ አባ።»

«ውረጂ ልጄ። ማንም አይነካሽም። የአርቦዬውንም ሰው ቀን እንዲጨምር እለምነዋለሁ።»

«መውረድ አልችልም፣ አባ። ካሚዮኑ ይሄዳል።»

ነገሩ አልገባቸውም። ዝቅ ብለው ተመለከቱ፤ ያኔ እግሮቹን አዩ፤ የልጃቸው እግር ከላይ፣ የቶላ ከሥር። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የረገጥሽው?»

«እሱ ሲደክመው።»

«አንቺ ሲደክምሽስ?»

«እሱ አለ።»

ዝናቡ በኦቦ ሁሴኖ ነጭ ልብስ ላይ ይወርዳል። ቶላን አዩት፤ ቶላ ከንፈሩን ነክሶ ከፊት ለፊቱ መንገድ ዓይኑን አልነቀለም። አንዲት ቃል ቢናገር እግሩ የሚከዳው ይመስል ነበር። በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

«አምጣው» አሉት ዲሪባን፣ ታኮውን እያሳዩ።

«አባ! ገና አልፈረዱም እኮ!»

«አምጣው አልኩህ።»

እንቁላሉን አንስተው ዲሪባን አስጨበጡት። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩና ታኮውን በገዛ እጃቸው ከጎማው ሥር ወሸቁ፤ በድንጋይም መቱት።

ሀጂ ሙክታር ከክዳኑ ሥር ሆነው ተጣሩ። «ሁሴኖ! እንግዲህ ቤት ነው ወይስ መኪና?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሀጂ» አሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ። «ልጄ ግን ገብታለች። ከብቶቹ ይመለሱ።»

አዳዳ ፋጡ እልል አሉ። አቶ ገብረ መድህን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ቤት ከሆነ የኪራዩን ነገር እንነጋገራለን!» አሉ። «ብቻ ቶሎ በሉ፤ ስንዴዬ አቦምሳ ይጠበቃል!»

ኦቦ ሁሴኖ የጋቢናውን በር በመዳፋቸው መቱት። «ቶላ!»

«አቤት!»

«የጋብቻው ኒካህ ሳይታሰር ይህ ነገር ንቅንቅ እንዳይል!»

ርምጃቸው በጭቃው ውስጥ ራቀ። ውስጥ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ታኮው ገብቷል» አለች ሀሊሜ ቀስ ብላ። «አሁን እግርህን ልታነሳ ትችላለህ።»

«ከላይ ያለው እኮ ያንቺ እግር ነው» አለ ቶላ።

ሀሊሜ እግሯን አላነሳችም።