ከጉብታው ማዶ የቆመው ባንዲራ

የባልታሳር ኡቹያ አስከሬን ዐቃቤ ሕግ ሳታየው ማንም እንዳይነካው ተብሎ፣ ሸራ ለብሶ ከመኪናው ጥላ ሥር ተኝቷል። ኤዲልቤርቶ ሌጓ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። አበልጁን የገደለው እሱ ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። በኢካ በረሃ የሚካሄደው የአሸዋ ላይ የመኪና ውድድር ሁለተኛ ቀኑ ነው። እየመራ የነበረውን ባልታሳርን ከአንድ ስለታም ጉብታ ማዶ አሸዋ ያዘው። ከኋላው የነበረው ኤዲልቤርቶ ጉብታውን በሙሉ ፍጥነት ወጥቶ ዘለለና መኪናው ላይ አረፈበት። ከጉብታ ማዶ ያለውን የሚያይ ዓይን ስለሌለ፣ በዚህ በረሃ እያንዳንዱ መኪና ከኋላው በረጅም ዘንግ ቀይ ባንዲራ ያቆማል። ባንዲራው ከጉብታው በላይ ብቅ ካለ ተከታዩ ፍሬን ይይዛል። የባልታሳር ባንዲራ ይኸው ቆሟል፤ በነፋሱ ይውለበለባል።

ኤዲልቤርቶ መጀመሪያ ላይ አላየሁም ብሎ ነበር። የውድድሩ ተቆጣጣሪ ሽማግሌው ዶን ፊደንስዮ ወደ ባንዲራው በጣታቸው እያሳዩ፣ «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው ልጄ? የአልጋ ልብስ ነው?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማመን ተወ። ከቀትር በኋላማ ቀዩ ጨርቅ በሐሳቡ ይታየው ጀመር፤ አይቶት ችላ ያለው መሰለው። ባለፈው ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ከባልታሳር ጋር ተጣልተው ስድስት ወር ተኳርፈው እንደነበር ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ዐቃቤ ሕግ ኔሊዳ አኒካማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነፋሱ ጋር ደረሰች። አጭር ናት፤ የወንድ ባርኔጣዋን እንዳይወስድባት በሻሽ አስራዋለች። ሸራውን ገልጣ አየች፣ አማተበች፣ መልሳ ሸፈነች። ከዚያ በተጋጩት መኪኖች ዙሪያ ተመላለሰች። ከባልታሳር መኪና ኋላ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

ወደ ኤዲልቤርቶ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን አየህ?»

«ባንዲራውን ማየት ነበረብኝ ዶኛ ኔሊዳ።»

«ማየት የነበረብህን አልጠየቅኩህም።»

«ሰማይ» አለ። «ሰማይ ብቻ። ከዚያ የአበልጄን የራስ ቁር።»

ከግጭቱ በኋላ እግሩ ከመሪው ሥር ተጣብቆ ዞሮ ማየት እንኳ አቅቶት እንደነበር፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዶን ፊደንስዮ በብረት ፈልቅቀው እንዳወጡት ነገራት። ሽማግሌውም ይህንኑ አሉ። ጠዋት መነሻው ላይ ባንዲራውን ራሳቸው መርምረዋል፤ እንደማንኛውም መኪና በግራ ማዕዘን ላይ ነበር። ውድድሩን ከሚከታተሉበት ማማ ወርደው ሲደርሱ ግን በቀኝ በኩል በማሰሪያ ታስሮ ቆሞ አገኙት። ያኔ የሟቹን ራስ ታቅፎ የተቀመጠው ረዳቱና የሚስቱ ወንድም ሮሙሎ ነበር።

ሮሙሎ በግጭቱ ሰዓት የፊት ጎማዎቹን አሸዋ በአካፋ እየዛቀ እንደነበር ተናገረ።

«ባንዲራውስ ለምን ወደ ቀኝ ሄደ?»

«መንገድ ላይ ግራው ላላብንና አዛወርነው።»

«ከግጭቱ በፊት?»

«በፊት ነው እንጂ። ከሞተ በኋላ ባንዲራ ምን ያደርግለታል?»

አመሻሹ ላይ የሟቹ ሚስት ማርሴሊና ከከተማ መጣች። ኔሊዳ አራቱንም ከመኪናው ኋላ ሰበሰበቻቸው። ኤዲልቤርቶ የማርሴሊናን ፊት ማየት አቅቶት ጫማዋን ያይ ነበር።

«መኪናህ ሲያርፍ የሞተርህ ዘይት ቋት ተሰነጠቀ» አለችው ኔሊዳ። «ዘይቱ የዚህን መኪና ኋላ ሁሉ ረጨው። ይኸው፣ አሸዋ ተለጥፎበታል። ማሰሪያው ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። ዶን ፊደንስዮ፣ እስቲ ይፍቱልኝ።»

ሽማግሌው ፈቱት። ከማሰሪያው ሥር ያለው ብረት በዘይት ጠቁሯል።

«ዘይቱ ቀደመ፤ ማሰሪያው ተከተለ» አለች። «ባንዲራው የታሰረው ከግጭቱ በኋላ ነው። ግራው ማዕዘን እንዲህ ተጨፍልቆ ዘንጉ ላይ ጭረት የለም፤ ስለዚህ በቦታው አልቆመም፣ ወርዶ ተጋድሞ ነበር። ሟቹ አላሰረውም። ኤዲልቤርቶ እግሩ ተይዟል። ዶን ፊደንስዮ ሲደርሱ ባንዲራው ታስሮ ነበር።»

የቀረውን ስም አልጠራችውም። ሮሙሎ እህቱን አየ።

«ከኋላ የሚመጣው ባንዲራችንን አይቶ በየት እንደምናልፍ እንዳያውቅ ብዬ ነው ያወረድኩት» አለ። «ባልታሳር መልሰው፣ ይቁም አለኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ አልኩት። ከዚያ… ባልታሳርን ሞቶ ሳየው፣ ባንዲራው ቆሞ ነበር እንዲባል ፈለግሁ።»

«እሱ ገዳይ እንዲባል» አለች ኔሊዳ።

ኔሊዳ ወደ ኤዲልቤርቶ ዞረች። «ዓይንህ ልክ ነበር። ያላየኸው ስላልነበረ ነው። ቤትህ መሄድ ትችላለህ።»

ኤዲልቤርቶ ግን አልተንቀሳቀሰም። ደስታ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ፤ አልመጣም።

ማርሴሊና ወንድሟን፣ «እንዲህ ያለውን ብልሃት ከየት አመጣኸው?» አለችው።

ሮሙሎ አንገቱን ደፋ። ወደ እህቱ ባል መኪና ከመዛወሩ በፊት ሁለት ዓመት የማን ረዳት እንደነበር አልተናገረም። ኤዲልቤርቶም ነገሩን ሊተወው ይችል ነበር፤ ማንም አይጠይቅም ነበር።

«ከእኔ ነው» አለ ኤዲልቤርቶ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ባለፈው ዓመት ዋንጫውን የወሰድነው በዚሁ ብልሃት ነው። ባልታሳር ጠርጥሮ ሲጠይቀኝ ምዬ ካድኩት።»

ዶን ፊደንስዮ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኔሊዳ የምትጽፍበትን ደብተር ዘጋች።

«ለዚህ አንቀጽ የለኝም» አለች።

ማርሴሊና ወንድሟን አልፋ መጥታ ኤዲልቤርቶ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ልጃችንን ክርስትና ያነሣሃት አንተ ነህ» አለችው። «አባቷ ለምን እንዳልመጣ አንተው ንገራት።»